ከቤት ያልወጣ ገጽ

ጎማ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ብርጭቆው ዘሎ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። መርፌ አልደነገጠችም። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲሰበር ማንም ዞር ብሎ አያይም። ባዶ እግሯን ከስብርባሪው ሰብስባ ላፕቶፑን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ስንት ጊዜ ልለምንሽ?» አለ ጎማ። የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ደም አዝሏል። «ፎቶው እጅሽ ላይ ነው። ፓስዎርዱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ፊቱን ገጹ ላይ አውጪውና አገር ይወቀው። ሌላ ምን አልኩሽ?»

ጎማ የአክስቷ ልጅ ነው። ጎሚስታ ቤት ስለሚሠራ ስሙን ያወጣለት ዘጋቢው ነበር። ዘጋቢው ደግሞ ወንድሟ ነው፤ የላይ ሰፈርን ቡድን ጨዋታዎች እየተከታተለ ድረ ገጽ ላይ የሚጽፈው እሱ ስለነበር ሰፈሩ እንዲህ አለው። እሷንም መርፌ ያላት እሱ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ቀጭን፣ ምላሷ የሚወጋ፤ ሌላ ምን ትባል? አሁን ስም አውጪው የለም። ያወጣቸው ስሞች ብቻ በየሰዉ ላይ ቀርተዋል።

ዘጋቢው የሞተው ከታች ሰፈር ጋር በተደረገው ጨዋታ ማብቂያ ላይ ነው። ጠብ ተነሳ፤ ሊገላግል ገባ፤ በእግሩ አልወጣም። መርፌ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር፤ ያየችው ግን አቧራና ጀርባ ብቻ ነው። የተደራረበ ጀርባ፣ በመካከሉ የሚነሳና የሚወድቅ ክንድ። ከዚያ ብረት አጥንት ሲያገኝ የሚሰጠውን ድምፅ ሰማች። ደረቅ ነው፤ የሚያስተጋባ አይደለም። ሰዉ ሲበተን ወንድሟ በጎኑ ተኝቶ ነበር፤ አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ራቅ ብሎ ወድቋል። ጎማ ተሸክሞት ሮጠ። ሐኪም ቤቱ በር እስኪደርስ ድረስ አላወረደውም፤ በሩ ላይም ሲደርስ እንዲያወርደው ሁለት ሰው እጁን መፈልቀቅ ነበረበት።

ከዚያ ቀን የቀረ አንድ ፎቶ አለ። አንዱ በስልኩ ያነሳው ነው። የታች ሰፈሩ በረኛ ጨብራሬ የተጣመመ የማዕዘን ባንዲራ ብረት ይዞ ቆሟል። ፀጉር አስተካካይ አባት እያለው ፀጉሩ ማበጠሪያ አይቶ አያውቅም፤ ጨብራሬ የተባለውም ለዚህ ነው። ፖሊስ ይዞ ጠየቀውና ለቀቀው። ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ቤት ድረስ መጥታ ለእናቷ እንደነገረቻት ልጁ ብረቱን ከመሬት ነው ያነሳሁት ብሏል፤ ሲመታ አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሁሉም ሰው ያየው ጀርባ ነው። መርማሪዋ ስትወጣ ያየ ሰው ቢኖር የቢሮዋ በር ክፍት መሆኑን ተናገረች። ጎማ ከኋላዋ ምራቁን ተፋ።

መርፌም ብትሆን ቅዱስ አልነበረችም። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የጨብራሬን ፊት በድንጋይ ትወግር ነበር። ትምህርት ቤት መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እሷ ደብተሯ ላይ እርሳሷን እስኪሰበር ትወጋለች። ስለዚህ ጎማን እምቢ ያለችው ለጨብራሬ አዝና አይደለም። እጇ አልታዘዝ ብሏት ነው፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥለህ አልሠራም።»

ጎማ የዘጋቢው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጎሚስታ ቤት ይዞት የመጣውን፣ የመኪና ጎማ የሚፈለቅቅበትን ረጅም ብረት በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ሥራ ውሎ መምጣቱ ነው ብላ አለፈችው።

ፋይሉን ከፈተች። ገጽ መሥራት ያስተማራት ዘጋቢው ነው፤ እናታቸው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ፣ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው። ለሰው ገጽ ማለት እንደ ማስታወቂያ የሆነ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጠብቅ፣ ሁላችንም ሄደን የምናየው ነገር ይመስለዋል ብሎ ጀመረላት። አይደለም። አድራሻውን ስትጽፊ ብራውዘርሽ ሰርቨር ወደሚባለው፣ እንቅልፍ ወደማያውቅ ሩቅ ኮምፒውተር መልእክት ይልክና «ያንን ገጽ ስጠኝ» ይላል። ሰርቨሩም የተሠራ ገጽ አይልክም። የሚልከው ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ጋ ርዕስ አድርግ፣ እዚህ ጋ አረንጓዴ ቀባ፣ እዚህ ጋ ያንን ፎቶ አምጥተህ አስገባ የሚል።

«እማ ቀሚስ ሳይሆን ልኬትና የተቆረጠ ጨርቅ ብትልክ እንደማለት ነው» አላት። «የሚሰፋው ብራውዘሩ ነው፤ ያዘዘው ሰው ቤት። መቶ ሰው ካዘዘ መቶ ቀሚስ በየቤቱ ይሰፋል።»

እናታቸው እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ልኬቱ ቢበላሽስ ብላ ጠየቀች። ያዘዘ ሁሉ የተበላሸ ይለብሳል አለ ዘጋቢው። መርፌ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቢስተካከልስ አለችው። ከዚያ በኋላ ለሚያዝዘው የተስተካከለው ይሄድለታል፤ የለበሰውን ግን መንገድ ላይ አስቁመሽ አታስወልቂም። እናታቸው ያን ቀን በሳቅ ክሩን በጠሰችው።

መርፌ ፎቶውን አስገባች። ከፎቶው ሥር የጨብራሬን ሙሉ ስምና የአባቱን ፀጉር ቤት አድራሻ ጻፈች። ከሁሉ በላይ በትልቁና በቀዩ «ወንድሜን የገደለው ይህ ነው» አለች። ፋይሉን አስቀምጣ በብራውዘር ከፈተችው። ከላይ የቡድኑ አረንጓዴ ሰንደቅና አርማ፣ ከሥሩ የጨብራሬ ፊት። እውነተኛውን ድረ ገጽ ቁርጥ ነበር። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ አድራሻው በሚጻፍበት ቦታ ላይ የድረ ገጹ አድራሻ ሳይሆን ያስቀመጠችበት ፎልደር ስም ነው ያለው። ፋይሉ ወደ ሰርቨሩ እስኪላክ ድረስ ከዚህ ላፕቶፕ በቀር በዓለም ላይ ይህን ገጽ ማየት የሚችል የለም።

የቀራት መላኪያውን መጫን ነበር። ዘጋቢው ግን አንድ ልማድ ነበረው። ማንኛውም ገጽ ከመላኩ በፊት አንዴ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንባቢዋም መርፌ ናት። «አፍሽ ያልደፈረውን ጣትሽ አይላከው» ይላት ነበር። አንድ ጊዜ በሽንፈት ንዴት ዳኛው ሌባ ነው ብሎ ጻፈ። ስታነብለት እሱም እሷም ሳቃቸው መጣ፤ ዳኛው የሜዳውን መስመር ጠቅልሎ ሲሰርቅ ታይቷቸው ነው። ከዚያ «ዳኛው ላይ ፀሐይ በርትታበት ነበር» ብሎ አስተካከለውና ላከው።

መርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወንድሜን የ...»

ድምፅዋ እዚያ ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረች፤ እዚያው ላይ ተሰነቀረ። ቃሉን ስታስበው የሚመጣባት ጀርባ ነው። አቧራ፣ ጀርባ፣ የሚነሳ ክንድ። የክንዱ ባለቤት ፊት የለውም። ፎቶው ላይ ያለውን ፊት አምጥታ ልትገጥምለት ሞከረች፤ አልያዝ አለ።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ጎማ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ስክሪኑን አየ፤ ቀዩን ጽሑፍ፣ ፊቱን፣ አረንጓዴውን። አድራሻው ያለበትን ዓይኑ አልፎት ሄደ። ድረ ገጽ ማለት ለእሱ ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ከታየ አለ።

«ወጣ?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ትንሽ ብርሃን አየች።

አልወጣም ብትለው ጭቅጭቁ ከሥር ይጀመራል። ጠረጴዛው ይመታል፣ ውስጥ ቤት ደክሟቸው ጋደም ያሉት እናቷና አክስቷ ይነሳሉ፣ ልቅሶው ይቀጥላል። ወጥቷል ብትለው ግን ልቡ ያርፋል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሲበርድ እውነቱን ትነግረዋለች። እንዲህ ነበር ሐሳቧ።

«ወጥቷል» አለችው።

ጎማ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። «እሰይ የኔ መርፌ» አለ። «ፖሊሱም ሰዉም ገዳይነቱን አወቀ ማለት ነው። ከአሁን በኋላ ማንም አይፈርድብንም።»

ወጥቶ ሄደ። መርፌ ስክሪኑን እያየች ንግግሩን በልቧ ደገመችው። ማንም አይፈርድብንም። በምን? ቀና ስትል በሩ አጠገብ ግድግዳው ባዶ ነው። ብረቱ የለም።

ጫማ አላደረገችም። ቁልቁል የሚወስደውን መንገድ በባዶ እግሯ በረረች። የብረታ ብረት ቤቱን አልፋ፣ የዳቦ መሸጫውን አልፋ ወደ ታች ሰፈር ስትታጠፍ ጩኸቱ ቀድሟት ደረሰ። ከቅድም ሲጠብቁት የነበሩ የላይ ሰፈር ልጆች ጎማን ተከትለው ፀጉር ቤቱን ከበውታል። የመጀመሪያው ድንጋይ የመስታወት በሩን ሰብሮታል። ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተለቀለቀ፣ ግማሽ ጺሙ የተላጨ ሰውዬ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳሰረ በጓሮ በኩል ሲሸሽ አየች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘጋቢው ለዓመት የሚያወራው ነገር ነበር።

«ገጹን አላያችሁም እንዴ?» ይላል ጎማ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። «ገዳይ ነው ተብሎ ወጥቷል! አገር ያወቀው ነው!»

«አይቻለሁ» አለ አንዱ።

«እኔም ጠዋት አይቼዋለሁ» አለ ሌላው።

መርፌ ጆሮዋን አላመነችም። ማንም ያላየውን፣ ማንም ሊያየው የማይችለውን ገጽ ሁሉም አይተውታል። ፋራ ላለመባል ነው። ጠዋት አየሁት ያለው ጠዋት ገጹ እንኳ አልተሠራም ነበር።

«አልወጣም!» ብላ ጮኸች። «ዋሽቼ ነው! ገጹ አልወጣም!» አንድ ክርን ደረቷን መታትና ትንፋሽ አጠራት። እየተገፋች ከፊት ወጣች።

ጨብራሬን ከመታጠቢያው ሥር በእግሩ ጎትተው አወጡት። ወለሉ የተቆረጠ ፀጉርና መስታወት ነው፤ ሲጎተት መዳፉ ደም እየለቀቀ መስመር ሠራ። አባትየው መቀሱን ጥሎ ባዶ እጁን ዘረጋ፤ ባይሆን እኔን ምቱኝ ይል ነበር። አንዱ በርግጫ መለሰው። ጨብራሬ በጉልበቱ ተነስቶ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ፤ በረኛ ኳስ ሲመጣበት እንደሚያደርገው፣ ጣቶቹን ዘርግቶ።

በዚህ ጊዜ መርፌ ከጀርባዎቹ አልፋ ፊት ለፊት ነበረች፤ የሚከልላት አልነበረም። ክንዱ ሲነሳ የማን እንደሆነ አየች። የተላጡትን አንጓዎች አየች። የጎማን ፊት አየች፤ እያለቀሰ ነበር። ብረቱ ወረደ።

ያው ድምፅ ነው። ደረቅ፣ የማያስተጋባ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሮጡ። ጎማ ብረቱን እያየ ትንሽ ቆየ፤ አንዱ እጁን ይዞ ጎተተው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ፣ መርፌም ቀሩ። አባትየው ንጹሕ ፎጣ ስቦ የልጁ ራስ ላይ አደረገና ስልኩን ሊያነሳ ቢሞክር በደም የረጠበ እጁ አላሠራ አለው። ቀና ብሎ አያት። ለጥቂት ጊዜ ፊቷን መረመረ።

«የዘጋቢው እህት ነሽ አይደል» አለ። «ነይ ልጄ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢልኝ።»

ተንበርክካ ያዘች። ያ ማበጠሪያ የማያውቅ ፀጉር ከፎጣው ሥር ሙቀት እየተፋ መዳፏን አረጠባት። የጨብራሬ ዓይኖች ግማሽ ተከፍተዋል፤ የሚያዩት ነገር ግን የለም። አምቡላንሱ እስኪደርስ፣ ሰዎቹ እጇን እስኪያስለቅቋት ድረስ አልለቀቀችም። ይተርፍ እንደሆነ ብትጠይቃቸው ቃሬዛውን ይዘው ሮጡ።

ቤት ስትደርስ ጎማ ቀድሟት ገብቷል። ሸሚዙን ቀይሯል። ላፕቶፑ ፊት ቆሞ የሚነካውን ቁልፍ እየፈለገ ነበር።

«አጥፊው» አላት በሹክሹክታ፤ እናቶቹ ውስጥ ቤት ናቸው። «ገጹን አሁኑኑ አጥፊው። ፖሊስ ሊያነበው ነው። እኛ እንደላክናቸው...»

«ፖሊስ አያነበውም» አለች መርፌ። «ማንም አያነበውም። ወደ ሰርቨሩ አልላክሁትም። ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም።»

«አይቼዋለሁ እኮ። በዓይኔ።»

«ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ጎማ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። ሲናገር የሕፃን ድምፅ ነበር። «እኔ እኮ ሁሉም አይቶታል ብዬ ነው» አለ። «ሁሉም ካየው... ልጆቹም አይተናል ሲሉ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቁጣው ተመለሰ። ላፕቶፑን በሁለት እጁ አነሳና ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። አላበቃውም፤ በተረከዙ ረገጠው፣ ደገመው፣ ስክሪኑ እንደ ደረቀ ቅጠል እስኪንኮሻኮሽ። መርፌ ልትከለክለው ስትል ገፈተራትና ትከሻዋ ከግድግዳው ተላተመ። «በቃ» አለ እያለከለከ። «አሁን ጠፋ። ምንም አልነበረም። አንቺም ምንም አላየሽም። ሰማሽኝ? ያንን ልጅ በነዚህ እጆቼ ነው የተሸከምኩት።»

የትኛውን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ታውቃለች። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ እናቱ እንዳትነቃ።

መርፌ ስብርባሪው መካከል ቁጭ አለች። ዘጋቢው የጻፈውን ሁሉ የጻፈው በዚህ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ከቁልፎቹ አንዱ ላይ የጣቱ ላብ የፈጠረው ንጣት ነበር። አሁን ቁልፎቹ እንደ ጥርስ ተበትነዋል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር አብሮ የሞተ መሰላት። ከዚያ ነው ልኬቱ ትዝ ያላት።

የእናቷ ስልክ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። አነሳችው። የደረቀ ደም ባለበት ጣቷ የድረ ገጹን አድራሻ ጻፈች። ስክሪኑ ለአፍታ ነጭ ሆኖ ቆየ። ሩቅ ቦታ ያለው ያ እንቅልፍ የሌለው ኮምፒውተር ማን እንደጠየቀው፣ ማን እንደሞተ አያውቅም፤ የተጠየቀውን ላከ። አረንጓዴው ሰንደቅ መጣ። አርማው መጣ። ከዚያ ቃላቱ፣ አንድ በአንድ ሳይሆን ባንዴ፣ አሁን የተሰፉ ያህል አዲስ ሆነው። የጨብራሬ ፊት ያለበት ገጽ ከላፕቶፑ ጋር ደቅቋል። የወንድሟ ግን ሁሉም ነበር።

የመጨረሻውን ዘገባ፣ ከዚያ ቀን በፊት ከታች ሰፈር ጋር የተደረገውን ጨዋታ ከፈተች። በልማዳቸው መሠረት ጮክ ብላ አነበበች። «የታች ሰፈሩ በረኛ ዛሬ ሁለት የማይድኑ ኳሶችን አዳነብን። ፀጉሩን ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውንም ያይ ነበር። ጨብራሬ ሆይ፣ እንዳንተ ያለ ጠላት አያሳጣን፤ ግን አባትህን አታሳፍር።»

ሳቋ መጣና መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ። ስልኩን አስቀምጣ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ምናልባት ታች ሰፈርም እንደ እሷ የሆነች፣ ያን ቀን ከጀርባዎቹ ፊት የቆመች፣ የወንድሟን ወይም የአጎቷን ልጅ ክንድ ያየች አንዲት ልጅ ትኖር ይሆናል። የመርማሪዋ በር ላይ ቆማ ምን ትል ይሆን?

አሁን የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ የሚጻፍበትም የለም። መርፌ ግን ዓረፍተ ነገሩን በአፏ ሞከረችው።

«የአክስቴ ልጅ ሲመታው አይቻለሁ።»

አልተሰነቀረም። ዝግ ያለ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ።

ጫማዋን ፈልጋ አደረገች። መስታወት የቆረጠው እግሯ ጫማው ውስጥ ሲገባ አቃጠላት። ማሰሪያውን እያጠበቀች ሳለ የውስጥ ቤቱ መጋረጃ ተገለጠና አክስቷ ብቅ አለች። ከቀብሩ ጀምሮ ቤቷ አልሄደችም፤ እህቷን ብቻዋን ላለመተው ወለል ላይ ነው የምትተኛው። ዓይኗ አብጧል። ስብርባሪውን አየች፣ የመርፌን እጅ አየች።

«መርፌዬ» አለች። «ወዴት ልትሄጂ ነው?»

ሱቅ ልትል ትችል ነበር። አየር ልትቀበል፣ ጓደኛዋ ጋ፣ የትም።

«መርማሪዋ ጋ» አለች። «አክስቴ፣ ከመሄዴ በፊት አንቺ ከእኔ ስሚው። ተቀመጪ።»